በሰው አገር የባንክ ሒሳብ ስለ መክፈት

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

ወደ ውጭ አገር ለትምህርት ወይም ለሥራ የሚላክ ሰው ከመነሣቱ አስቀድሞ ብዙ ነገር ያሰናዳል። ፓስፖርቱን ያወጣል፣ ቪዛውን ይጠይቃል፣ ለብርድ የሚሆነውን ካፖርት ይገዛል፣ ከዘመድ ከወዳጁም ይሰናበታል። ነገር ግን እዚያ ከደረሰ በኋላ ደመወዙን ወይም ድርጎውን በየት በኩል እንደሚቀበል፣ የቤት ኪራዩንም በምን መንገድ እንደሚከፍል አስቀድሞ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህንንም ያልጠየቀ ሰው፣ ገንዘብ ተፈቅዶለት ሳለ ገንዘቡን ለመቀበል ሳይችል ሲቸገር ይታያል። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን አንድ የውጭ አገር ሰው በሄደበት አገር የባንክ ሒሳብ የሚከፍትበትን መንገድ፣ ባንኩም ስለ ምን ያን ሁሉ ወረቀት እንደሚጠይቀው፣ ሕጉስ ምን መብት እንደሚሰጠው ባጭሩ እንገልጻለን።

አገሩ ሁሉ የየራሱ ደንብ ስላለው ስለ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለመናገር አይቻልም። ስለዚህ ከአገራችን ተማሪዎችና ሠራተኞች በየጊዜው የሚሄዱባትን ጀርመንን ለምሳሌ መርጠናል። የምንጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ መጀመሪያ የባንክ ሒሳብ በዚያ አገር ስለ ምን እንደሚያስፈልግ እንመልከት። በጀርመን ደመወዝ በፖስታ ታሽጎ በእጅ የሚሰጥበት ዘመን ካለፈ ቈይቷል። አሠሪው ደመወዙን ወደ ሠራተኛው ሒሳብ ያስገባል፤ ሠራተኛውም የቤት ኪራይ፣ የመብራት፣ የስልክና የጤና መድን ክፍያውን ከዚያው ሒሳብ ያስተላልፋል። ይህ የዘወትር ሒሳብ በቋንቋቸው «ጊሮኮንቶ» ይባላል። «ጊሮ» የሚለው ቃል ከኢጣሊያንኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጕሙ ዙር ማለት ነው፤ ገንዘቡ ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው ስለሚዞር ይህ ስም ተሰጠው። እንግዲህ በዚህ ዙር ውስጥ ያልገባ ሰው፣ ኪሱ ባዶ ባይሆንም እንኳ፣ ከኑሮው ሥርዓት ውጭ ቆሞ ይቀራል።

የጀርመን ባንኮች በሦስት ወገን የተከፈሉ ናቸው። አንደኛው ወገን ባለ አክሲዮኖች ያቋቋሟቸው የግል ባንኮች ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል ዛሬ ቅርንጫፍ ሳይኖራቸው በስልክና በኢንተርኔት ብቻ የሚሠሩ አሉ። ሁለተኛው ወገን በከተማና በአውራጃ አስተዳደሮች ሥር የሚሠሩት የቍጠባ ባንኮች ናቸው፤ «ሽፓርካሰ» ይባላሉ። ከእነዚህም የመጀመሪያው ተብሎ የሚቈጠረው በ1778 በሐምቡርግ ከተማ ተቋቋመ፤ ዓላማውም የቤት አሽከሮች፣ የቀን ሠራተኞችና መርከበኞች ከሚያገኙት ጥቂት ገንዘብ ቀንሰው ለክፉ ቀን እንዲያስቀምጡ ነበር። ሦስተኛው ወገን አባሎቹ ራሳቸው ባለቤት የሆኑባቸው የኅብረት ሥራ ባንኮች ናቸው። ለእነዚህ መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ ከ1818 እስከ 1888 የኖረው ፍሪድሪሕ ቪልሄልም ራይፋይዘን ነው፤ እርሱም ገበሬዎች ከአራጣ አበዳሪ እጅ እንዲወጡ የብድር ማኅበሮችን ያቋቍም ነበር። የዕቁብን ጥቅም ለሚያውቅ ለአገራችን ሰው ይህ አሳብ እንግዳ አይሆንበትም። እንግዳ ሰው ከሦስቱም ወገን ዘንድ ለማመልከት ይችላል፤ ይሁን እንጂ ቋንቋውን ገና ላልለመደ ሰው፣ ፊት ለፊት የሚያነጋግረው ሠራተኛ ያለበት ቅርንጫፍ ይሻለዋል።

ባንኩ ከአዲስ ደንበኛ የሚጠይቀው ወረቀት ብዙ ቢመስልም፣ ሲጠቃለል ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም «እርስዎ ማን ነዎት?» እና «ቢፈለጉ የት ይገኛሉ?» የሚል ነው። ባንኩ ይህን የሚጠይቀው በሕግ ስለ ተገደደ ነው። በወንጀል የተገኘ ገንዘብ በባንክ በኩል አልፎ ንጹሕ መስሎ እንዳይወጣ የሚከለክለው ሕግ፣ የደንበኛው ማንነት ሳይረጋገጥ ሒሳብ እንዳይከፈት ያዛል። ስለዚህ የባንኩ ሠራተኛ ፓስፖርቱን አገላብጦ ሲመረምር፣ እንግዳው እንደ ተናቀ ወይም እንደ ተጠረጠረ አድርጎ ሊወስደው አይገባም። ያገሩ ተወላጅም ቢሆን ማንነቱን ሳያስመሰክር ሒሳብ አይከፈትለትም።

አሁን ደግሞ ችግሩ የሚመጣበትን መንገድ በምሳሌ እንይ። አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባችን ለሁለት ዓመት ትምህርት ወደ ፍራንክፈርት ተልኮ ደረሰ እንበል። ወደ ባንክ ቢሄድ «የመኖሪያ ምዝገባ ወረቀት ያምጡ» ይባላል። ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ቢሄድ «ያከራየዎት ሰው የፈረመበትን ወረቀት ያምጡ» ይሉታል። ቤት ሊከራይ ቢሄድ ደግሞ አከራዩ «ገቢዎን ያስረዱኝ፤ ኪራዩንም በየወሩ በባንክ ያስተላልፉልኝ» ይለዋል። ገቢውን እንዳያስረዳ፣ ድርጎውን የሚልክለት ክፍል «የሒሳብ ቍጥርዎን ያስታውቁን» ብሎ ይጠብቀዋል። እንዲህ ሆኖ ነገሩ ዞሮ በተነሣበት ይገጥማል፤ ባልደረባችንም በአራት በሮች መካከል ሲመላለስ ይዞት የመጣው ገንዘብ ያልቃል። ይህ ችግር ከማንም ክፋት የመጣ አይደለም፤ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የሌላውን ወረቀት እንደ ማስረጃ ስለሚይዝ የሚፈጠር ነው። የቢሮን ሥራ ለሚያውቁ አድማጮቻችን ይህን ለመረዳት አያዳግታቸውም።

የዚህ ቋጠሮ መፍቻ አድራሻ ነው። ከኖቬምበር 1 ቀን 2015 ጀምሮ በሚሠራበት የምዝገባ ሕግ መሠረት፣ በጀርመን ሊኖር የመጣ ሰው አዲስ ቤት በገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ በማዘጋጃ ቤቱ መመዝገብ አለበት፤ ይህም «አንሜልዱንግ» ይባላል። ለዚህም ፓስፖርቱንና፣ አከራዩ ቤቱን እንደ ሰጠው አረጋግጦ የፈረመበትን ወረቀት ይዞ ይቀርባል። በተማሪዎች ማደሪያም ሆነ በሌላ ሰው ቤት በተከራየ ክፍል ቢቀመጥ፣ ወረቀቱን ከቤቱ ሰጪ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሰጪውም ፈርሞ የመስጠት ግዴታ አለበት። ስለዚህ ቤት የሚፈልግ ሰው ከዋጋው ጋራ አንድ ላይ «ለምዝገባ የሚሆነውን ወረቀት ይፈርሙልኛልን?» ብሎ ይጠይቅ። ባልኖሩበት ቤት እንደ ኖሩ አስመስሎ መመዝገብ ግን በገንዘብ የሚያስቀጣ ጥፋት ነው። ምዝገባው ከተፈጸመ በኋላ አሥራ አንድ አሐዝ ያለው የግብር መለያ ቍጥር በፖስታ ይላክለታል፤ ይህንንም ባንኩና አሠሪው ስለሚጠይቁት በጥንቃቄ ይያዝ።

በዚህ ላይ ትንሽ የሚመስል፣ ነገር ግን ሰውን የሚያሰናክል ነገር አለ። በአገራችን ደብዳቤ የሚላከው በፖስታ ሣጥን ቍጥር ነው። በጀርመን ግን ፖስተኛው ደብዳቤውን እስከ ቤቱ ድረስ ያመጣል፤ የሚያድለውም በመንገዱና በቤቱ ቍጥር ብቻ ሳይሆን፣ በደብዳቤ ማስገቢያው ሣጥን ላይ የተጻፈውን ስም እያነበበ ነው። ባንኩ ካርዱን በአንድ ደብዳቤ፣ የምስጢር ቍጥሩን ደግሞ በሌላ ደብዳቤ ለይቶ ይልካል። ስሙን በሣጥኑ ላይ ያልለጠፈ ሰው ሁለቱም ደብዳቤዎች ወደ ላኪው ይመለሱበታል። ስለዚህ የቤቱን ቍልፍ በተረከቡበት ቀን ስምን ጽፎ መለጠፍ የመጀመሪያው ሥራ ሊሆን ይገባል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ስለ ስም ነው። እኛ በራሳችን ስም ላይ የአባታችንንና የአያታችንን ስም አስከትለን እንጠራለን እንጂ የቤተ ሰብ ስም የለንም። የጀርመን ቅጽ ግን የእያንዳንዱ ሰው የቤተ ሰብ ስም እንዲጻፍ ይጠይቃል። በአንዱ ቅጽ የአባቱን፣ በሌላው የአያቱን ስም የጻፈ ሰው፣ ወይም በላቲን ፊደል ስሙን አንድ ጊዜ እንዲህ፣ ሌላ ጊዜ እንዲያ ያጻፈ ሰው፣ በመዝገብ ላይ ሁለት ሰው ይሆናል። መድኃኒቱ በፓስፖርቱ ላይ የታተመውን ስም፣ ፊደል ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ፣ በየቅጹ ሁሉ መገልበጥ ነው። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። በኛና በአውሮፓውያን አቆጣጠር መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለ፣ በልደት ምስክር ወረቀቱና በፓስፖርቱ ላይ ያሉት ቀኖች መስማማታቸው ከአገር ሳይወጡ መጣራት አለበት።

ማንነትን ለማስመስከር ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ወደ ቅርንጫፉ ቀርቦ ፓስፖርትን ማሳየት ነው። ሁለተኛው ባንኩ የሰጠውን ወረቀት ይዞ ወደ ፖስታ ቤት መሄድና በፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ፊት መመስከር ነው፤ ይህም «ፖስትኢደንት» ይባላል። ሦስተኛው በስልክ ላይ መልክን እያሳዩ ከባንኩ ወኪል ጋራ መነጋገር ነው። ይህ ሦስተኛው መንገድ የየአገሩን ፓስፖርት ሁሉ አይቀበልም፤ በዚህ በኩል ያልተሳካለት ሰው ተስፋ ሳይቈርጥ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ይሞክር።

ወረቀቱን ሁሉ አሟልቶ ሳለ ባንኩ «አንከፍትልዎትም» ቢለውስ? ቀደም ባለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ነገሩ በዚያው ያበቃ ነበር። በ2014 ግን የአውሮፓ ኅብረት፣ በኅብረቱ አገሮች ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ሰው ሁሉ መሠረታዊ የክፍያ ሒሳብ የማግኘት መብት እንዲኖረው መመሪያ አወጣ። ጀርመንም በራሷ ሕግ ደንግጋ ከጁን 19 ቀን 2016 ጀምሮ በሥራ ላይ አዋለችው። ይህ ሒሳብ «ባዚስኮንቶ» ይባላል። ተማሪም ሆነ ሠራተኛ፣ ጥገኝነት የጠየቀም ሆነ ቋሚ ቤት የሌለው፣ ሁሉም ለመጠየቅ ይችላል፤ ቋሚ ቤት የሌለው ሰው ደብዳቤ የሚደርስበትን የወዳጅ ወይም የምክር መስጫ ጽሕፈት ቤት አድራሻ ቢሰጥ ይበቃዋል። በዚህ ሒሳብ ገንዘብ ማስገባት፣ ማውጣት፣ ማስተላለፍና በካርድ መክፈል ይቻላል። ከተቀመጠው በላይ በብድር ማውጣት ግን አይቻልበትም።

ማመልከቻው ለዚሁ በተዘጋጀው ቅጽ ይቀርባል። ባንኩ የተሟላ ማመልከቻ ከደረሰው ጀምሮ በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ ውሉን እንዲያቀርብ፣ ወይም የማይቀበልበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ይገደዳል። ሊከለክል የሚችለውም በሕጉ በተዘረዘሩት ምክንያቶች ብቻ ነው፤ ለምሳሌ አመልካቹ በዚያው አገር የሚገለገልበት ሌላ ሒሳብ ካለው፣ ወይም ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ በባንኩ ላይ ሆን ብሎ በሠራው ወንጀል ተፈርዶበት እንደ ሆነ ነው። «የውጭ አገር ሰው ነዎት» ወይም «የዱሮ ዕዳ አለብዎት» የሚለው በቂ ምክንያት አይሆንም። ያላግባብ የተከለከለ ሰው «ባፊን» ለሚባለውና በቦንና በፍራንክፈርት መቀመጫ ላለው የባንኮች ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለማመልከት ይችላል፤ መሥሪያ ቤቱም ሒሳቡ እንዲከፈት ለማዘዝ ሥልጣን አለው። ለዚህ ሒሳብ የሚጠየቀው ክፍያም ተገቢ እንዲሆን ሕጉ ያዛል፤ በ2020 የአገሪቱ ከፍተኛ የፍትሐ ብሔር ችሎት፣ ባንኮች ከዚህ ሒሳብ የሚመጣባቸውን ተጨማሪ ወጪ በእነዚሁ ደንበኞች ላይ ብቻ መጫን እንደማይችሉ ፈርዷል።

እንግዲህ ሒሳብ እንዲከፈትለት የሚጠይቅ ሰው፣ የሚያቀርበው የመብት ጥያቄ እንጂ ልመና አለመሆኑን ይወቅ። በቃል ብቻ «አይቻልም» ተብሎ አይመለስ፤ ቅጹን ሞልቶ፣ ግልባጩን አስቀርቶ፣ መልሱን በጽሑፍ ይጠይቅ። ጽሑፍ ሲጠየቅ መልስ የሚለወጥበት ጊዜ መኖሩን በቢሮ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

በራሳቸው ወጪ ለሚማሩ ተማሪዎች ደግሞ ሌላ ዓይነት ሒሳብ አለ፤ «ሽፔርኮንቶ»፣ ማለት የታገደ ሒሳብ ይባላል። ተማሪው ለአንድ ዓመት የሚበቃውን መተዳደሪያ አስቀድሞ በዚህ ሒሳብ አስገብቶ ለቪዛው ማስረጃ ያቀርባል፤ ገንዘቡም ከደረሰ በኋላ በየወሩ እየተከፈለ ይለቀቅለታል። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ የተወሰነው ልክ በወር 992፣ በዓመት 11,904 ዩሮ ነበር፤ ልኩ በየጊዜው ስለሚሻሻል ከማስገባት በፊት ከኤምባሲው መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ሒሳብ ከአገር ሳይወጡ መክፈት ይቻላል። ነገር ግን በየወሩ የሚለቀቀው ገንዘብ የሚያርፍበት የዘወትር ሒሳብ በጀርመን ስለሚያስፈልግ፣ የታገደውን ሒሳብ የከፈተ ተማሪ ሥራው ሁሉ እንደ ተፈጸመ አይቍጠረው።

በሌሎች አገሮችም መንገዱ በመሠረቱ ይመሳሰላል። በፈረንሳይ የሒሳብ መብት በሕግ የታወቀው በ1984 ነው፤ ባንክ የከለከለው ሰው ለፈረንሳይ ባንክ ቢያመለክት፣ ያ ማዕከላዊ ባንክ ራሱ ሒሳቡን የሚከፍትለትን ባንክ ይመርጥለታል። በአሜሪካ ባንክ ሁሉ እንዲቀበል የሚያስገድድ እንዲህ ያለ መብት የለም፤ ሆኖም ደንቡ የውጭ አገር ሰው ከሶሻል ሴኩሪቲ ቍጥር ፋንታ የፓስፖርቱን ቍጥር እንዲያቀርብ ስለሚፈቅድ፣ አንዱ ባንክ ባይቀበል ሌላውን መሞከር ይገባል።

ሒሳቡ ከተከፈተ በኋላ የሚሰጠው ቍጥር «ኢባን» ይባላል፤ የጀርመኑ ሃያ ሁለት ፊደልና አሐዝ አለው። ይህ ቍጥር ገንዘብ ለሚልክ ሁሉ ይሰጣል፤ የምስጢር ቍጥሩ ግን ለባንኩ ሠራተኛም ቢሆን አይነገርም። ካርዱ የጠፋበት ሰው በዚያው አገር በ116 116 ስልክ ደውሎ ወዲያው ያሳግደው። ስልክ ወይም መብራት የሚያቀርብ ድርጅት ሒሳቡን በየወሩ ራሱ እንዲቀንስ ተፈቅዶለት ያላግባብ ቢቀንስ፣ ባለ ሒሳቡ በስምንት ሳምንት ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ ገንዘቡን ለማስመለስ ይችላል። ባንኩ ቢከስርም ለእያንዳንዱ ሰው በእያንዳንዱ ባንክ እስከ 100,000 ዩሮ ያለው ተቀማጭ በሕግ የተጠበቀ ነው።

ከሁሉ በላይ ልናሳስበው የምንወደው የሚከተለውን ነው። ሒሳብ ሳይከፈትለት ወር ያለፈበት እንግዳ፣ «ለጊዜው ደመወዝህ በእኔ ሒሳብ ይግባ» የሚለው ያገሩ ልጅ አያጣም። ይህ ከወንድማዊ ፍቅር ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን በሌላ ሰው ስም በተከፈተ ሒሳብ ያረፈ ገንዘብ፣ በባንኩ ዓይን የዚያ ሰው ገንዘብ ነው። ሰውየው ዕዳ ቢኖርበት አበዳሪው ሊያስይዘው፣ ቢሞት ወራሾቹ ሊወርሱት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ የሠራሁበት ነው ብሎ ለማስረዳት እጅግ ያስቸግራል። ከዚህም የባሰ ሌላ አለ። «ሒሳብህን ለጥቂት ቀን አውሰኝ፣ የሚገባውን ገንዘብ ወደ ሌላ አስተላልፍልኝ፣ ለድካምህ እከፍልሃለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ገንዘቡ በማታለል የተገኘ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ከየት እንደ መጣ አላወቅሁም ማለት ሁልጊዜ አያድንም፤ የጀርመን ሕግ በከባድ ቸልተኝነት እንዲህ ያለውን ገንዘብ ያስተላለፈውን ሰው እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም በገንዘብ ይቀጣል። ትምህርቱን ጨርሶ ወገኑን ሊያገለግል የሄደ ወጣት በጥቂት ዩሮ ምክንያት ስሙን አጥቶ ቢመለስ፣ ጉዳቱ የእርሱ ብቻ አይሆንም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው፤ ሕጉ ለራሱ ሒሳብ እንዲኖረው መብት ከሰጠው ዘንድ፣ የሌላውን መዋስም ሆነ የራሱን ማዋስ አያስፈልገውም።

ክቡራን አድማጮች፤ ነገሩን ለማጠቃለል፣ ለመሄድ የሚሰናዳ ሰው ስሙንና የልደት ቀኑን በወረቀቶቹ ሁሉ ላይ አንድ ያድርግ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚበቃ ገንዘብ ይያዝ፤ ሲደርስ አስቀድሞ አድራሻ ይፈልግ፣ ስሙን በደብዳቤው ሣጥን ላይ ይለጥፍ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመዝገብ፤ ከዚያም ወረቀቱን ይዞ ወደ ባንክ ይሂድ፣ ቢከለከልም መልሱን በጽሑፍ ይጠይቅ። ሥራውን ወይም ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስም ሒሳቡን በጽሑፍ ዘግቶ፣ መዘጋቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ተቀብሎ ይምጣ፤ ክፍት ሆኖ የተተወ ሒሳብ በየወሩ ክፍያ እየተቈረጠበት ዕዳ ሊሆን ይችላልና። በሰው አገር የሚኖር እንግዳ ከዘመድና ከጎረቤት ምስክር ርቆ የሚኖር ነው፤ በዚያ ቦታ የሚመሰክሩለት በሥርዓት የያዛቸው ወረቀቶቹ ናቸው።